ድምፄ ያለ ፊቴ አይሄድም

ቦንጋ ውስጥ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ዝናቡን ከቁጥር አያስገባም። ካስገባማ ቀጠሮ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ የኮሌጁ ተማሪዎች የሙዚቃ ቪዲዮ ሊሠሩ ቀን ቆርጠው ካሜራዬን ይዤ እንድመጣላቸው ሲለምኑኝ፣ «ቢዘንብስ?» ብዬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ሌላ ነው። ዘፈኑ የማን ነው? የት ነው የሚቀረጸው? ለመቼ ነው የሚደርሰው? ዕድሜዬን በዜና ሥራ ነው የፈጀሁት፤ ሰው ሲያጣድፈኝ መጀመሪያ የማደርገው ይህን መጠየቅ ነው።

ዘፈኑ ከመካከላቸው የአንዷ ነበር። ግጥሙንም ዜማውንም የሠራችው እሷ፣ የምትዘፍነውም እሷ። ለመምህርነት የምትማር፣ ዝምተኛ፣ ስትናገር ግን ቃሏን ሳትቆርጥ የምትጨርስ ልጅ ናት። ቀረጻው የሚካሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በማንኪራ መንገድ ላይ ባለ ትልቅ የሣር ቤት ውስጥ ነው፤ ቤቱን ያገኘላቸው የኪነ ጥበብ ክበቡ ኃላፊ የሆነው መምህር ሲሆን፣ የቤቱ ባለቤት አክስቱ ናቸው። መድረስ ያለበት ደግሞ ለምረቃው ነው። በምረቃው ከሰዓት በኋላ ወላጆች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ሊታይ መርሐ ግብር ተይዞለታል።

ልጅቷ ዘፈኑን ስልኳ ላይ አሰማችኝ። ስለ ዳዶ ነው የሚያወራው። ዳዶ በካፋ የተራ ሥራ ነው፤ ሌላው አገር ወንፈል የሚለው ዓይነት። ዛሬ ሁላችንም ያንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን፣ ከነገ ወዲያ የጎረቤትን። ዘፈኑ በካፊኖኖ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ውበቱ ይጎድላል እንጂ መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ ቡናውን አብረን ለቅመን፣ ጥማችንን ለየብቻ ስለምን እንቆርጣለን?

«የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሁላችንም ከአንድ ጽዋ ብርዝ እንጠጣለን» አለኝ ዳይሬክተሩ። የቢታ ገነት ልጅ ነው፤ ዳይሬክተር ያለው ራሱ ነው፣ ሌሎቹም ተቀብለውታል። «ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ካሜራው አብሮ ይሄዳል። እዚያ ላይ ነው ቪዲዮው ያለው፣ እትዬ። ሌላው ማጀቢያ ነው።»

ልክ ነበር። ሌላው ማጀቢያ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። የጫነን ባጃጅ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፤ ዳይሬክተሩ ለቀረጻ ብሎ ያደረገው ነጭ ጫማ የአገሩን መሬት መሰለ። ከበሮ መቺው የዋጫ ልጅ ነው፣ ደንዳና፣ ሳቂታ። ከበሮውን በላስቲክ ጠቅልሎ በአንድ ትከሻው፣ የዘፋኟን ቦርሳ በሌላው ትከሻው ይዞ ዳገቱን ቀድሞን ወጣ። አንድ ጃንጥላ ነበረን፤ እሱንም ካሜራው ላይ ዘረጋንለት።

«እኛስ?» አለች ከተወዛዋዦቹ አንዷ። ረጅም ናት፤ ቤተሰቦቿ ድሮ ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚሁ ቦንጋ የቀሩ ናቸው፤ ምላሷ የሚያርፍ ልጅ አይደለችም።

«ሰው ይደርቃል» አላት ዳይሬክተሩ። «ካሜራ ከራሰ ቀረ።»

«ስፒከርስ?»

ስፒከሩን ማንም አላስታወሰውም ነበር። የሙዚቃ ቪዲዮ ሲቀረጽ ዘፈኑ አስቀድሞ ተቀድቶ በስፒከር ይለቀቃል፤ ዘፋኟ በዚያ ላይ አፏን እያስገጠመች ትዘፍናለች። ስፒከሩ ከዳገቱ አጋማሽ ጀምሮ ውኃ ሲጠጣ ቆይቶ ኖሮ ስንለቀው አንዴ ሳል ብሎ ዝም አለ።

«ጉንፋን ይዞታል» አለች ረጅሟ። «ዳማከሴ ስጡት።»

ተሳሳቅን፤ ቤቱ ሳንደርስ ተመለስን። በሥራዬ ብዙ የተበላሸ ቀን አይቻለሁ። ዝናብና ጭቃ ያበላሹት ቀን ቀላሉ ነው፤ ሰማዩ እስኪገለጥ መጠበቅ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ግን ያን ዕለት የመጨረሻው መከራ የደረሰበት መስሎት ነበር።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ስፒከር ከአንድ ሙዚቃ ቤት ተዋስን። መምህሩም ራሱ ሊያስተናግደን አብሮን መጣ። አክስቱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ቤቱ እውነትም ያምራል፤ የቀርከሃ አጥሩ እንደ አዲስ ተጠርጎ፣ ግቢው በእንሰት ተከቦ፣ ውስጡ ወፍራም ምሰሶ ዙሪያ ጥሩ ሣር ተጎዝጉዟል። ለእኛ ሲሉ ከሌሊት ጀምሮ ሲደክሙ እንዳደሩ ያስታውቃል። ብርዙም በትልቅ ቅል ተቀምጧል።

እያንዳንዱን ልጅ እያቀፉ ሰላም አሉ፤ እያንዳንዱንም ጠየቁ። አዲስ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ የአገሩ ወግ ነው፤ አክብሮት ነው፣ ዘመድ ፍለጋም ነው። ከበሮ መቺው የአባቱን ስምና ጎሳውን ሲነግራቸው የሚያውቁት ቤተሰብ ሆኖ ተገኘና ደግመው ሳሙት። ዘፋኟ ጋ ደረሱ።

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

በካፊኖኖ ነበር የጠየቋት፤ ይህን ያህሉን እኔም እሰማለሁ። ልጅቷ የአባቷን ስም፣ ቀበሌዋንና ወገኗን ተናገረች። ድምጿን ዝቅም ከፍም አላደረገችም። የሴትዮዋ እጅ ሊያቅፋት ተዘርግቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወረደ።

ልጅቷ ማንጆ ናት።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ማንጆዎች የካፋ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው ካፊኖኖ ነው፣ አገሩም አገራቸው ነው። ድሮ በአደን ይኖሩ ነበር። ሌላው የማይበላውን ሥጋ ይበላሉ ተብለው፣ በየቤቱ ደጃፍ እንዲመለሱ፣ ከሰው ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ተደርገው ኖረዋል። ዳዶ ላይ አብረው ያርማሉ፣ ቡና አብረው ይለቅማሉ፤ ሲጠማቸው ግን የሚጠጡት ለብቻቸው፣ በኮባ ቅጠል ነበር። ሕጉ ይህን አይፈቅድም። ቀበሌው በስብሰባ ያወግዘዋል፤ በቤተ እምነቱም ይሰበካል። ኮሌጁ ውስጥ ልጆቹ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ ዛፍ ሥር ያጠናሉ፤ ከበሮ መቺው የልጅቷን ቦርሳ በጭቃ ተሸክሞ ዳገት ወጥቷል። ደጃፍና ጽዋ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አልልም። እዚያ ቤት ግን እንዲህ ነበር።

ሴትዮዋ አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ወደ ወንድማቸው ልጅ፣ ወደ መምህሩ፣ ሄደው ቀስ ብለው ነገሩት፤ እሱ ወደ አማርኛ መልሶ ለእኔ ነገረኝ፤ ሁሉም ሰማ። ልጅቷን አልጠሏትም። ግቢው ውስጥ እንደ ልቧ ትሁን። ከደጃፉ እንዳታልፍ ብቻ። ቅሉንም እንዳትነካ። ቤቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ባላቸው የሞቱበት፣ ልጆቻቸው የተዳሩበት ቤት ነው፤ ነገ ጎረቤት ምን ይላል?

ዳይሬክተሩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። መምህሩ እኔን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ልምድ አለዎት» አለኝ። «አክስቴን ላስገድዳቸው አልችልም። ቀን የለንም። መንገድ አለ፤ ድምፁ የእሷ ይሁን፣ ምስሉ ላይ ሌላ ልጅ ትቁም። ድምፁ እንደሆነ ተቀድቷል። በሙዚቃ ቪዲዮ ያለ ነገር ነው፣ አይደል?»

«ያለ ነገር ነው» አልኩት። «ባለቤቱ ከፈቀደ።»

መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ያ ክበብ እንዳይፈርስ ከደመወዙ እያወጣ ገመድና ባትሪ የሚገዛ ሰው ነው። ሐሳቡን ለሁሉም ሲያስረዳ ስለ ልጅቷ እያዘነ ነበር የሚያወራው። ስሟ በትልቁ ይጻፋል አለ። አዳራሹ ሁሉ ድምጿን ይሰማል አለ። ዘፋኟ መሬት መሬቱን እያየች ሰማችው። አዎም እምቢም አላለችም።

«ማን ይቁም?» አለ ዳይሬክተሩ፤ ሁሉም ወደ ረጅሟ ዞረ።

«እኔ?» አለች። «መምህር፣ እኔ ካፊኖኖ ከሰላምታ አያልፍልኝም። አፌን እንደ ዓሣ ልክፈትልዎት?»

«ትለማመጂዋለሽ።»

«ዓሣም ተለማምዶ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እሷም ለማሳቅ ብላ አልነበረም።

እንዲህ ሆነ እንግዲህ አቀማመጡ። ተወዛዋዦቹ ቤት ውስጥ በምሰሶው ዙሪያ፤ ረጅሟ መሀል፤ እኔ ካሜራውን በመቆሚያው ላይ ተክዬ ከግድግዳው ሥር። የዘፈኑን መነሻ በትክክል የምታውቀው ዘፋኟ ናትና ስፒከሩን እሷ እንድትለቅ ተደረገ፤ ከደጃፉ ውጭ፣ ከጣሪያው ጠፈር ሥር ቆማ። ከእኔ ቦታ በበሩ ክፍተት ትከሻዋና ክንዷ ይታየኛል። የራሷ ዘፈን ወደ ውስጥ ይገባል፤ እሷ ውጭ ናት።

የመጀመሪያው ቀረጻ ተበላሸ፤ ረጅሟ አፏን ከቃሉ ኋላ ኋላ ታንቀሳቅሳለች። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ነገሩ መልክ እየያዘ መጣ። ዳይሬክተሩ «ጥሩ፣ ጥሩ» እያለ ያንሾካሹካል። ቅሉ ተነሣ። የመጨረሻው ስንኝ ሊጀምር ሲል ሙዚቃው ተቋረጠ።

«ይኸው ደግሞ ሞተ» አለ ዳይሬክተሩ። «እኔ መቼም ከስፒከር ጋር አልታደልኩም።»

«አልሞተም» አለች ዘፋኟ ከውጭ። «አጥፍቼው ነው።»

መምህሩ ወጣ። እኛም ተከተልን። ስፒከሩን በሁለት እጇ አቅፋው ቆማለች።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ምንም አልሆንኩም መምህር። በዚህ ደጃፍ ላይ እናቴ ቆማ ታውቃለች፤ እንጨት ልትሸጥ ስትመጣ። እኔም ቆሜ አየሁት። ይበቃል። ድምፄ ያለ ፊቴ አይሄድም።»

«የልጆቹን ድካም አስቢ እንጂ። ሌላ ቤት የለንም።»

«ቤቱ የአክስትዎ ነው፤ አትግቢ ካሉኝ መብታቸው ነው። ዘፈኑ ደግሞ የእኔ ነው። ሁላችንም የየራሳችንን ይዘን እንሂድ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ መምህሩ የሚያባብልበት ነገር ያገኝ ነበር። ልጆቹን ዞሮ አያቸው። ረጅሟ ሴትዮዋ ለቀረጻው ያሰሩላትን የሙሽራ ጨሌ ከአንገቷ ፈታ በሁለት እጇ መለሰችላቸውና፣ ጎንበስ ብላ አመስግና ወጣች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። እኔም የካሜራውን መቆሚያ አጠፍኩ። ሴትዮዋ ቅሉን እያዩ በአማርኛ፣ ለእኔ ብለው፣ «ብርዙን እንኳ ሳይቀምሱ» አሉ። በእውነት አዝነው ነበር። እንግዳ ሳይቀምስ ከቤታቸው ሲወጣ ምናልባት የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ያዘኑበትን ነገር ግን ማንም ሊያስተካክልላቸው አይችልም፤ እሳቸው ካልሆኑ በቀር።

መምህሩ ከእኛ ጋር አልተመለሰም። ሲለየን ዳይሬክተሩን፣ «ቪዲዮው ካልደረሰ በቦታው የባህል ጭፈራ እናስገባለን፤ እወቁት» አለው።

ወደ ከተማ የሚመልሰውን መንገድ በእግር ያዝን። ደመናው እንደገና ይሰበሰብ ነበር። ዳይሬክተሩ ለጥቂት ጊዜ ከራሱ ጋር ሲከራከር ቆይቶ ድንገት ከመንገዱ ዳር ያለ እንሰት አጠገብ ቆመ።

«አገኘሁት» አለ። «ጽዋ አያስፈልገንም። ሁላችንም በኮባ ቅጠል እንጠጣለን። ሁላችንም። አንድ ሰው በቅጠል የሚጠጣ ከሆነ ሁላችንም በቅጠል እንጠጣ ማለት ነው። ትርጉም አለው። በምስልም ያምራል፤ አረንጓዴው...»

ልጆቹ ተቀበሉት። ከበሮ መቺው ሰፋ ያለውን ቅጠል ለመቁረጥ እጁን ሰደደ። ሐሳቡ ለጆሮ ደስ የሚል ነበር፤ ቅንነትም አለው። ለዜና ቢሆን ኖሮ ርእስ ይወጣው ነበር።

«እኔ በቅጠል አልጠጣም» አለች ዘፋኟ።

ዳይሬክተሩ የሚሰማውን አላመነም። «ለአንቺ ብለን እኮ ነው።»

«ገብቶኛል። አያቴ በቅጠል ጠጥቷል። አባቴ በቅጠል ጠጥቷል። እናንተ አንድ ቀን ብትጠጡበት ጨዋታ ነው፤ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ በብርጭቆ ትጠጣላችሁ። እኔ ስጠጣበት ያው የድሮው ነው። ካሜራ ፊት አልደግመውም።»

ከበሮ መቺው የያዘውን ቅጠል ለቀቀው።

«ታዲያ ምን ይሻልሻል?» አላት ዳይሬክተሩ። ተስፋ የቆረጠ ይመስል ነበር፤ ግን ጠየቃት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት አልነበረም።

«ጽዋ» አለች። «ሰው የሚጠጣበት ጽዋ። እኔ ልቅደም፣ እናንተ ተከተሉኝ። ዘፈኑ ያለው ይህንኑ ነው።»

መንገዱ ከአስፋልቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንድ ሱቅ አለ። ባለ ሱቁ ከሌላ አገር መጥተው ብዙ ዘመን በንግድ የኖሩ ሙስሊም አባት ናቸው፤ ከስኳርና ከሳሙናው ጎን የአካባቢውን ማር ይሸጣሉ። ዝናቡ መጣል ሲጀምር የደረስነው የእሳቸው በረንዳ ላይ ነው። ማር ገዛንና በውኃ በጥብጠን ብርዝ አደረግነው፤ የቀረው ጽዋው ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ትንንሽ ናቸው። ረጅሟ ከመዝጊያው ጀርባ የተሰቀለ ትልቅ የብረት ጣሳ አየች፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ ሰማያዊ።

«ጋሼ፣ ያ ስንት ነው?»

«እሱ አይሸጥም። የምጠጣበት ነው።»

«ለቪዲዮ ፈልገነው ነበር። ሁላችንም እንጠጣበታለን፤» አለችና ትንሽ ቆም ብላ ጨመረች፣ «መጀመሪያ የምትጠጣው ደግሞ እሷ ናት።» ወደ ዘፋኟ ጠቆመች። ሁሉንም ግልጽ አድርጋ መናገሯ ነበር፤ ከደጃፍ ወጥተን ሌላ ደጃፍ ላይ እንዳንሸወድ።

ሰውየው ልጅቷን አዩአት፣ ጣሳውን አዩት። የአገሩን ነገር ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«ጣሳ ነው እንጂ ምን አለው» አሉ። «ጠጡና መልሱልኝ። ብቻ አትጣሉት፤ ጠርዙ ይላጣል።»

በረንዳው ጠባብ ነበር። ከአንዱ ጎን የሳሙና ካርቶን፣ ከሌላው ጎን የባለ ሱቁ አግዳሚ ወንበር። ሣርም ምሰሶም የለም። ከጀርባችን ባጃጆች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ ዝናብ የሸሸ ሰው ሁሉ በረንዳው ሥር ተጠግቶ ያየናል። ዳይሬክተሩ የሣር ቤቱን ረሳው ማለት አልችልም፤ ግን ሁለት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና፣ «እሺ፣ እዚሁ ነው» አለ። ብርሃኑ ሊያልቅ ነው። ረጅሟ ስፒከሩን ያዘች። ዘፋኟ ካሜራዬ ፊት ቆመች።

ከዚህ በፊት ስትዘፍን በስልክ ሰማኋት እንጂ በዓይኔ አላየኋትም። ፊቷ ሲዘፍን አይለማመጥም። ሌንሱን ቀጥ ብላ አየችው፤ የሆነ ሰው የጠየቃትን ጥያቄ ያለ ምንም ችኮላ እንደምትመልስ። የሚያየን ሰው መነጋገር ጀመረ። አንድ ድምፅ፣ «የዚያ የማንጆው ልጅ አይደለችም እንዴ?» ሲል ሰማሁ። እሷም ሰምታለች። መዝፈኗን አላቋረጠችም።

የመጨረሻው ስንኝ ደረሰ። ጣሳውን አነሣች፣ ጠጣች፣ ከቀኟ ላለው ለከበሮ መቺው አቀበለችው።

ተቀበላት። ወደ አፉ አስጠጋው። ከዚያ ክንዱ ቆመ። ካሜራው ዓይኑ ላይ ነበርና አየሁት፤ ንቀት አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር። አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ትሞታለህ የተባለበት ገደል ጫፍ ላይ እንደሚቆመው ዓይነት። ሳይጠጣ ጣሳውን ለቀጣዩ ሰው አሳለፈው። ሌሎቹ ጠጡ። ዘፈኑ አለቀ።

«ከት፣ ይቁም» አለ ዳይሬክተሩ በቀስታ።

 ከዚያ ከበሮ መቺው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «እጄ እምቢ አለኝ።»

«ቦርሳዋን ስትሸከም እጅህ እሺ ብሎ ነበር» አለችው ረጅሟ። «ቦርሳው ውስጥ ምሳዋ እንዳለ አላወቀም ነበር?»

«ተዪው» አለች ዘፋኟ። ወደ እሱ ዞረች። «ከፈለግህ ትጠጣለህ። ካልፈለግህ ደግሞ ከረድፉ ትወጣለህ። እየያዝክ ማሳለፍ ግን የለም።»

ያች ልጅ ስትናገር ድምጿ ውስጥ ልመና አልነበረም። ባለ ሱቁ ከውስጥ፣ «ልጆች፣ መንገዱን ዘጋችሁብኝ፤ ወይ ጠጡ ወይ ደንበኛዬን አሳልፉ» አሉ፤ ዝናብ የሸሸው ሰው ሳቀ። ከበሮ መቺው ከመሬት ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ።

«ድገሙት» አለ።

ደገምነው። ዘፋኟ ጠጣች፤ አቀበለችው። ክንዱ አሁንም ቆመ፤ ከበፊቱ አጠር ላለ ጊዜ። ከዚያ ጠጣ። አንድ ጉንጭ አይደለም፤ ጣሳውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ቀጣዩን ሰው እስኪያሳስበው ድረስ።

«ለሌሎቻችንም አስተርፍ» ያለው ሰው ድምፅ ቪዲዮው ላይ ገብቷል። ዳይሬክተሩ ሊያጠፋው ሞክሮ ነበር፤ አልጠፋለትም።

ጣሳውን አጥበን መለስን። ባለ ሱቁ ተቀብለው፣ ጠርዙን በጣታቸው ዞር ዞር አድርገው መርምረው፣ ከውኃ ማሰሮው ቀድተው ጠጡበትና ሰቀሉት። ይህን ካሜራዬ አልቀረጸውም፤ ጠቅልዬው ነበር።

ኤዲቱ በኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ሆነ፤ መብራት ሲሄድ ሥራው እየጠፋ፣ ሲመጣ እንደገና እየጀመርን። ዳይሬክተሩ ሁለቱን ቀረጻዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የቱን እንደሚያስቀር ዘፋኟን ጠየቃት። መልሱ ግልጽ መስሎት ነበር።

«ሁለቱንም» አለችው። «መጀመሪያ ያልጠጣበትን፣ ከዚያ የጠጣበትን። ያልጠጣበት ከሌለ የጠጣበት ምን ይናገራል?»

እኔ ሥራዬ ነውና ገባኝ። በማይክሮፎን ፊት ሰዎች የሚነግሩኝ መጨረሻውን ነው፤ ተስማማን፣ ተሻሻለ፣ ተቀረፈ። በመካከል ያለውን፣ ክንዱ የቆመበትን ሰዓት፣ ማንም አይነግረኝም። ግን የከበሮ መቺው ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና ይጠየቅ አልኩ። ተጠርቶ መጣ፤ ራሱን ሁለት ጊዜ አየ።

«የምታፍርበት ከሆነ እናወጣዋለን» አለው ዳይሬክተሩ።

«አፍራለሁ» አለ። «ይግባ።»

መምህሩ ቪዲዮውን ያየው የምረቃው ዋዜማ ነው።  ሲያልቅ ወንበሩን ወደ ዳይሬክተሩ አዞረ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «የጣሳውን ግን አሳጥሩት። በተለይ ይህ ልጅ ዝም ብሎ የሚያሳልፍበትን። ወላጆች አሉ፣ እንግዶች ይመጣሉ። አክስቴም ይመጣሉ።»

«አክስትዎ ቢያዩት ደስ ይለኛል» አለች ዘፋኟ።

«ነገሩን ማካረር ነው የምትፈልጊው?»

«እኔ ዘፈን ነው የዘፈንኩት መምህር። ከቆረጣችሁት ድምፁንም ቁረጡት፤ እኔ ካለሁበት ሁሉም አለ፣ ከሌለሁበት ምንም የለም።»

ከበሮ መቺው ከኋላ ተናገረ። «ያ ፊት የእኔ ነው መምህር። እኔ አይውጣ ብያለሁ።»

መምህሩ ፈቀድኩ አላለም። ከለከልኩም አላለም። የክፍሉን ቁልፍ ለዳይሬክተሩ ሰጥቶት ወጣ፤ የባህል ጭፈራው ቡድን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ እንደሆነ ስንጠይቅ ማንም ትእዛዝ እንዳልሰጣቸው ነገሩን።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው ቪዲዮው በነጭ አቡጀዲ ላይ ታየ። የዘፋኟ ፊት አቡጀዲውን ሞላው። ሰው ዜማውን ወደደው፤ እያጨበጨበ ተከተለው። ጣሳው ሲነሣ ጭብጨባው ላላ። የከበሮ መቺው ክንድ ሲቆም አዳራሹም አብሮት ቆመ። ከመካከለኛው ረድፍ አንዳንድ ሰዎች ተነሥተው ወጡ፤ በሩ ተከፍቶ ብርሃን ገባ፣ ተዘጋ። ሲጠጣ አንዲት እናት፣ «ውይ ልጄ» አሉ፤ የእሱ እናት ይሁኑ የሌላ አላጣራሁም። ከኋላ በኩል የተነሣው ጩኸትና ጭብጨባ የተማሪዎቹ ነው፤ እየቆየ ወደ ፊት መጣ፣ ግን ሁሉም ረድፍ ጋ አልደረሰም። የመምህሩ አክስት እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩ። አላጨበጨቡም፣ አልወጡም። ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ማንንም ሳያናግሩ ሄዱ። የሆነው ይህ ነው። ሰው ሁሉ ተለወጠ ብሎ የሚጽፍ ካለ እዚያ አልነበረም።

ከአዳራሹ ስንወጣ መምህሩ ዘፋኟን በረንዳው ላይ ጠበቃት። ጋውኗን ለብሳለች፤ ወላጆቿ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። የተቆጣ አይመስልም። የደከመው ይመስላል።

«አሁን ረካሽ?» አላት።

«ገና ነው መምህር» አለችው። «መንገድ ዳር ነው የጠጣነው። የሚቀጥለውን ዘፈን ቤት ውስጥ ነው የምንቀርጸው።»

«የማን ቤት?»

«የእርስዎ ቤት አይሆነንም?»

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ እያስገባሁ ነበርና ልረዳው አልቻልኩም። ወደ ወላጆቿ አየ፤ አባቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። 

«ቤቴ ጠባብ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ግድ የለም» አለችው። «እንጠጋጋለን።»